አዋጥተን የጠየቅነው ጥያቄ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን ገና ሳልጀምር የምናገረው ታሪኩ መሃል ላይ ስትደርሱ መጠራጠራችሁ ስለማይቀር ነው። በዚያ ሰሞን "እራት ቀርቧል" ከማለት በቀር ቃል ያልተነፈሰችልኝ ባለቤቴ እንኳ "ክፉስ አይደለህም" ብላ መስክራልኛለች። ከዚያ ቀጥላ ያለችውን ለራሴ ይዤዋለሁ።

ሰፈራችን ከሐዋሳ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሐዋሳ ሲባል ሰው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ሲበላ የሚውልበት ከተማ ይመስለዋል። እኛ ሰፈር ሐይቅ የሚታየው የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ስለሆነ ባጃጆቹ አስፋልቱ ላይ ይቆሙና "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" ይላሉ። "ኧረ ወደ ውስጥ አስገባን" ስትሉት ሾፌሩ መጀመሪያ ጎማውን ያያል፣ ቀጥሎ መንገዱን ያያል፣ በመጨረሻ እናንተን ያያል። ከዚያ ዞሮ ወደ መጣበት ይሄዳል።

ላሚሶ ብቻ ይገባልን ነበር። ላሚሶ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የመጣ፣ ዝም ያለ ልጅ ነው። አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ እየመረጠ ነው የሚናገረው፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ከመካከላችን አንድም ጊዜ የማይረባ ነገር ያልተናገረው እሱ ብቻ የሆነው። ባጃጇ የራሱ አይደለችም፤ ለባለቤቷ የቀን ገቢ እያስገባ ነው የሚነዳት። ጠዋት ጠዋት መጥቶ ጡሩምባውን ጢጥ ያደርጋል፣ እኛ እየተጋፋን እንወጣለን፤ ማታም እንዲሁ ከፒያሳ ጭኖ ይመልሰናል። በቀረው ሰዓት የት እንደሚሠራ ጠይቀነው አናውቅም። ጠይቀነው ብናውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ከሁላችንም ይልቅ ላሚሶ የሚያስፈልጋቸው ግን እትዬ ወላንሳ ናቸው። እትዬ ወላንሳ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን የያዙት በአንዲት የእጅ ስፌት መኪና ነው። ቀን ፒያሳ፣ የሰፈራችን ሰው የከድር ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው ልብስ ያጠባሉ፣ ያሳጥራሉ፤ ማታ ቤታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ስለዚህ መኪናዋ በየቀኑ አብራቸው ትሄዳለች፣ አብራቸው ትመለሳለች። ጉልበታቸው ደግሞ እሳቸውንም ለመሸከም ያጉረመርማል፣ እንኳን ብረት። ላሚሶ መኪናዋን ከኋላ አስቀምጦ በገመድ ጠፍሮ ያስራታል፤ እኛ ስንንገጫገጭ ዞር ብሎ አያይም፣ እሷ ስትንገጫገጭ ግን ያቆማል። ስለ ጭነቷም ሳንቲም ተቀብሏቸው አያውቅም።

አሁን እኛ ማድረግ የነበረብን ምንድነው? አንድ ላሚሶ ስለሰጠን እግዚአብሔርን አመስግነን ዝም ማለት። እኛ ግን ሌሎቹ የት ሄዱ ማለት ጀመርን። ይህን ሐሳብ ያመጣው ከድር ነው። ከድር ነጋዴ ስለሆነ አንድ ነገር ጎደለ ማለት አንድ ሰው ወሰደው ማለት ነው ብሎ ያምናል። "ለየሰፈሩ ባጃጅ ተመድቧል፤ የኛን ሌላ ሰፈር እየበላብን ነው" አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አስፋልት ላይ ባዶዋን የምታልፍ ባጃጅ ባየን ቁጥር የተሰረቀ ንብረታችንን ያየን ያህል ደማችን ይፈላ ጀመር።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ፣ ከዚያም በላይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ማመልከቻ መጻፍ እወዳለሁ። ሌላው ሰው ዘፈን እንደሚያንጎራጉረው እኔ ፊቴን ስታጠብ "ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው" እያልኩ ነው የምታጠበው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰው ጆሮ ላይ አንድ ቀን ራዲዮ "ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፣ በሕግ ተደንግጓል" ሲል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ያኔ ከተማው በሙሉ ስለ መልካም አስተዳደር በየአዳራሹ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። ተነስቼ ቆምኩ።

"ሰምተሻል? መረጃ የመጠየቅ መብት አለኝ" አልኳት ለባለቤቴ።

"እኔም አለኝ" አለች። "ጠዋት ግዛ ያልኩህ ከሰል የት ደረሰ?"

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጉዳዩን አነሳሁ። ለእኛ ሰፈር ስንት ባጃጅ እንደተመደበ፣ የት እንደሚሠሩና ለምን እንደማይመጡ በጽሑፍ እንጠይቅ አልኩ። ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ፣ ለመመላለሻም ስለሚያስፈልግ እናዋጣ አልኩ። እውነት ልንገራችሁ፣ አልጠበቅኩም። ይህ ሰፈር ለጎርፍ መውረጃው ዲች መሸፈኛ ሲሚንቶ አዋጡ ሲባል ግማሹ ለቅሶ የሄደ፣ ግማሹ የታመመ ሰፈር ነው። ለጥያቄ ሲባል ግን ሁሉም እጁን ኪሱ ከተተ። እትዬ ወላንሳ እንኳ ከመሐረባቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡ፤ "አንድ ባጃጅ ቢጨመር ላሚሶም ያርፋል" ብለው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የከፈለ ሁሉ የራሱ ጥያቄ እንዲገባለት ፈለገ። ከድር ዕቃ የሚያራግፍበት ቦታ ላይ ለምን እንደሚቀጡት ይጠየቅልኝ አለ። አንዲት እናት ልጄ መንጃ ፈቃድ ፈተና ለምን ወደቀ ይጠየቅልኝ አለች። "ልጅሽ መሪውን ለቆ ነው አሉ" ብንላት "እሱን በጽሑፍ ይንገሩኝ" አለች። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የታክሲ ረዳቶች መልስ ሲጠየቁ ለምን ወደ መስኮት እንደሚያዩ መንግሥት እንዲያስረዳቸው ፈለጉ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከፍለዋላ!

ማታ ላሚሶ ሲመልሰን ነገሩን ሰማ። ባጃጇን ቤቴ በር ላይ አቁሞ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቢቀርስ?" አለኝ።

"ለምን ይቀራል?"

"እኔ እመጣለሁ እኮ።"

እኔ አንድ ያልጠረጠርኩት ነገር ቢኖር ያ ልጅ ሊነግረኝ የፈለገ ነገር መኖሩን ነው። ሌላ ባጃጅ ከመጣ ገበያው እንዳይቀንስ ሰግቶ ነው አልኩና ትከሻውን መታ አድርጌ "አይዞህ፣ አንተን የሚተካ የለም" አልኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ከኪሱ አውጥቶ መዋጮውን ሰጠኝ። "ስሜን ግን አትጻፈው ጋሼ" አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍል እሱ ብቻ ቢቀር ሰው ምን ይላል ብሎ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ትሕትናው ዓይኔን እንባ አስሞላው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ "ልጅ ማለት ይሄ ነው፣ ሲሰጥ እንኳ እንዲታወቅበት አይፈልግም" አልኳት።

እንግዲህ ስሙን አልጻፍኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከአዋጪዎቹ መሃል አልጻፍኩትም። ግን እንዲህ ያለ ልጅ ሳይመሰገን ይቅር? በዚያ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምስጉን ሠራተኛ ፎቶ ይለጠፍ ነበር፤ ላሚሶ ከነሱ በምን ያንሳል? ስለዚህ ማመልከቻውን በምስጋና ጀመርኩት። አገር ያውቃል፣ ወቀሳ ያለበት ማመልከቻ በምስጋና ካልተጀመረ አንባቢው ፊቱን ያጠቁራል። "ወጣት ላሚሶ የተባለው አሽከርካሪ" ብዬ ጻፍኩ፣ የባጃጇን የጎን ቁጥር ጨመርኩ፣ "ሌሎች ሲሸሹን ጠዋትና ማታ ያለማቋረጥ ሰፈራችን ድረስ እየገባ፣ የአቅመ ደካማ ዕቃ ያለ ክፍያ እየጫነ የሚያገለግለን ቅን ልጅ በመሆኑ፣ ለሌሎች አርአያ ይሆን ዘንድ የምስጋና ወረቀት እንዲሰጠው" ብዬ ለመንኩ። እንዳያመልጣቸው ብዬ የሚመጣበትን ሰዓትና የሚቆምበትን በር ሳይቀር ገለጽኩ። ግርጌው ላይ ግልባጭ ደረደርኩ፤ ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለቅሬታ ሰሚው፣ ለትራፊክ ፖሊስ። ለእድሩ ሳነበው ምስጋናው ጋ ስደርስ ጭብጨባ ሆነ። ላሚሶ ሥራ ላይ ስለነበር አልሰማም። ወረቀቱ ሲደርሰው ድንገት ደስ እንዲለው ብለን ሁላችንም ምስጢር ያዝን። የኛ ሰፈር ምስጢር ሲይዝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ትራንስፖርት ቢሮ ያደረሰኝ ማን ይመስላችኋል? እሱ ራሱ፣ ያውም በነጻ። ግን ቢሮው ሳይደርስ፣ አንድ ሁለት ቅያስ ሲቀረው አቆመና "ከዚህ በእግርህ ሂድ ጋሼ፣ እዚያ በር ላይ መቆም አይቻልም" አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምናለ በሩ ድረስ ቢያደርሰኝ ብዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። የሚያፍርበት ነገር ያለ ይመስል አልኩ።

በመስኮት በኩል የተቀበለኝ ሰው ማመልከቻውን ገልብጦ አየውና "ይሄ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል" ብሎ ወደ ቀበሌ ላከኝ። ቀበሌው ደግሞ ጥያቄውን ትቶ እኔን መጠየቅ ጀመረ። ማን አደራጃችሁ? መዋጮውን ማን ፈቀደ? ከጀርባ ማን አለ? ከጀርባዬ ያለችው ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም አልተስማማችም አልኩ። ሊቀመንበሩ አሰቡበትና፣ ነገሩ አደገኛ እንዳልሆነ ሲረዱ፣ ጠቃሚ እንዲሆን ወሰኑ። የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ አቁመው "ነቅቶ የሚጠይቅ ነዋሪ ማለት እኚህ ናቸው" ብለው አስጨበጨቡልኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም ፈረሙልኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያች ቀን በኋላ ባለቤቴን ቡና ቅጂልኝ ስላት "ነቅተህ የለ" ትለኝ ነበር።

በመሃሉ ሰፈሩ ገዛኝ። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ሁሉ በየማዕዘኑ ያስቆመኛል። "መልሱስ?" "በሂደት ላይ ነው።" "ሂደት ምንድነው?" አንድ ቀን ፒያሳ ከቢሮ ስመለስ ደክሞኝ አንዲት ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ገና ሳልጠጣው ወሬው ሰፈር ደርሷል። ማታ ከድር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ነገር ዙሪያውን ሲዞር ከቆየ በኋላ "ማኪያቶ ስንት ገባ በል?" አለኝ። በራሴ ገንዘብ ነው ብዬ ማልኩ። "እኔማ አምንሃለሁ" አለ፤ ይህን ቃል የሚያምን ሰው ተናግሮት አያውቅም። ስለዚህ ሥራዬን ላሳይ ብዬ በየቀኑ ቢሮው እየሄድኩ ወተወትኩ። መልስ እንዲፈጥን ያደረግኩት እንግዲህ እኔው ነኝ።

አንድ ጠዋት ላሚሶ ሳይመጣ ቀረ። ታሞ ይሆናል አልን። በዚያው ቀን እኔ ተጠራሁ።

የተቀበለኝ ባለሙያ ክራባት ያሰረ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ጨዋ ወጣት ነበር። በሕይወቴ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። "አባት፣ ጥያቄዎ ተመርምሯል" አለ። "ወደ እርስዎ ሰፈር መስመር አልተከፈተም፤ መንገዱ ብቁ አይደለም። ስለዚህ የተመደበ ባጃጅ የለም። ኖሮም አያውቅም።"

"እንዴት የለም? ላሚሶ አለ አይደል?"

"እሱማ የሐይቅ ዳር መስመር ነው። ጠዋትና ማታ መስመሩን ጥሎ ነው እናንተ ጋ ይሠራ የነበረው። በእርስዎ ጥቆማ ደርሰንበታል፣ እናመሰግናለን።"

"ልጄ፣ እኔ አልጠቆምኩም። አመሰገንኩ እንጂ።"

"ልክ ነው፣ በጣም ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት" አለ። "ሰዓቱን ሳይቀር።"

ማመልከቻዬን ልውሰደው አልኩ። ገቢ ሆኗል አለኝ። ገቢ የሆነ ወረቀት እንደማይወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልኬን ለሰው ስናገረው የኖርኩት ነው። ስለ ልጁ ለመንኩ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አልኩ፣ ቅጣቱን እኛ እናዋጣለን አልኩ። ባለሙያው በእውነት አዘነ። "እኔም ማመልከቻውን ሳነብ ልጁን ወድጄው ነበር፤ ግን ለትራፊክም ግልባጭ አድርገዋል" አለ። ከዚያ የተገልጋይ እርካታ መጠየቂያ አቀረበልኝ። ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጥቶኝ፣ ፈገግ ብሎ ሲጠብቀኝ እንዴት ላሳዝነው? "በጣም ረክቻለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ነገሩ በቅጣት ብቻ ቢያልቅ ምን ነበረበት። የባጃጇ ባለቤት "ከመስመር ወጥተህ ንብረቴን አሳሰርክብኝ" ብሎ ቁልፉን ተቀበለውና ለሌላ ሰው ሰጠ። ላሚሶ የተከራያትን ክፍል ለቆ እናቱ ጋ፣ ገጠር ገባ። ከመዋጮው የተረፈችውን ይዤ ብሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘሁት።

ለእድሩ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ከድር እንኳ ስለ ማራገፊያው ቦታ አልጠየቀም፤ ኮፍያውን አውልቆ ውስጥ ውስጡን ያያል። እትዬ ወላንሳ ናቸው የተናገሩት።

"ለኔ ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ነገ ጠዋት ታዲያ በምን ልሂድ?" አሉ።

ያቺ ጥያቄ አልተዋጣላትም፣ ግልባጭም አልነበራትም። የምትመለሰው ግን በእኔ ነበር። በማግስቱ ማልጄ በራቸው ላይ ቆምኩና የስፌት መኪናዋን ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ወገቤ "ምነው?" አለኝ፤ ዝም በል አልኩት። እትዬ ወላንሳ ጉልበታቸውን ይዘው ከኋላዬ፣ እኔ እያለከለክሁ ከፊት፣ በዚያ ጭቃ አስፋልቱ ድረስ እንሄዳለን። እዚያ ሚኒባስ አስቁመን ለሰውም ለመኪናም ከፍለው ይሳፈራሉ፤ ማታ ደግሞ እዚያው ወጥቼ እጠብቃቸዋለሁ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ሆንን። ሰፈሩ ሲያየኝ "አይዞህ" ይላል እንጂ ማንም አይስቅም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ አንድ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ከፊታችን ቆመ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" የሚለውን ረዳት ቀና ብዬ ሳይ ላሚሶ ነው። ከስቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እሱ ግን ዘሎ ወረደና መኪናዋን ከትከሻዬ ላይ ተቀበለኝ፤ ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጣት፣ እንዳትንገጫገጭ በጃኬቱ ደገፋት። ለሾፌሩ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለው፤ ሾፌሩም ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ወላንሳ የጭነቱን ሊከፍሉ ሲዘረጉ እጃቸውን መለሰው። እሳቸው እንባቸው መጥቶ ጉንጩን ሳሙት፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"ላሚሶ" አልኩ። "እኔ እኮ..."

"ጋሼ፣ ያንን ወረቀት ቢሮ ጠርተው አነበቡልኝ።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ቅን ነው ይላል። አርአያ ይላል።" ቃሉን ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ እየመረጠ ነው የሚናገረው። "ለእናቴ ነገርኳት። ስላንተ እንዲህ ተጽፎ ለምን አባረሩህ ብላ አላመነችኝም። ኮፒ ካለህ ትሰጠኛለህ?"

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ላሚሶ ሮጦ በሩ ላይ ተንጠለጠለና ሄዱ።

ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ቡና ቀዳችልኝ። ፋይሌን አወረድኩና ማመልከቻውን አወጣሁት፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ለራሱ አንድ ሳያስቀር አይልክም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ሆኜ እስከ ግርጌው አነበብኩት። ለቀበሌው ልኬያለሁ። ለክፍለ ከተማው ልኬያለሁ። ለቅሬታ ሰሚው፣ ለትራፊክ ፖሊስ ልኬያለሁ። ወረቀቱ ስለ እሱ የሚናገርለት ሰው ግን ከግልባጮቹ መሃል የለም። እስክሪብቶ አነሳሁና ከሁሉም በታች፣ በመሥሪያ ቤት ወግ አንቱ ብዬ፣ አንድ መስመር ጨመርኩ፦

"ለአቶ ላሚሶ፣ ባሉበት።"